አራተኛው ጥያቄ

አባቦራ እሁድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሞቱ። የሞቱት ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል፣ አራት አልጋ በሚይዝ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው የኮታቸው ኪስ ውስጥ እንደገባ ቀርቷል።

ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነበር። ሥራቸው ቡና መቅመስ። በሸቤና በዙሪያዋ የሚለቀም ቡና የአባቦራ ማንኪያ ካላረፈበት ገዢ አያርፍበትም ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሸቤ ላይ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። እኩለ ቀን ላይ ጅማ ደረሱ። ሐኪሙ "የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸዋል፤ ሃርት አታክ ነው" አለ። ማታ ተሻላቸውና ሾርባ ጠጡ። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እንክብል ዋጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አልነበሩም።

እንክብሏን የሰጠቻቸው ሲስተር ታቢታ ናት።

ታናሽ ወንድማቸው ሀቢቡላህ ፖሊስ ጣቢያ የደረሰው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ነው። "ወንድሜን በመድኃኒት ገደለችው" ብሎ ፈረመ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ታቢታ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከመርማሪ ፊት ተቀመጠች።

መርማሪዋ ምክትል ኢንስፔክተር ሱሀይላ ናት። ጅሬን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የምታስኬድ ሴት። ባልደረቦቿ "ሱሀይላን እንደምን አደርሽ ካሏት ለምን ጠየቃችሁኝ ትላለች" እያሉ ያሾፉባታል። አልተሳሳቱም።

"ስንት እንክብል ሰጠሻቸው?"

"አንድ።"

"ስሙ?"

"ፕሮፕራኖሎል። ዶክተር ዳጊ ነው ያዘዘው። ካርዱ ላይ አለ።"

"ከዚያስ?"

"አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መታፈን ጀመሩ። ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ልቡን የታመመ ሰው ሲታፈን ሳንባው ውሃ ቋጠረ ነው የምንለው። ራስጌያቸውን ከፍ አደረግኩ። ኦክስጅን ከፈትኩ። ውሃውን የሚያወጣ መርፌ ወጋሁ። ዶክተሩን ጠራሁ።"

"አባቦራስ ምን አሉሽ?"

"መናገር አልቻሉም። ኮታቸውን በጣታቸው አሳዩኝ። አውርጄ ሰጠኋቸው። አንዱን ኪስ በረበሩ፣ ባዶ ነው። ሌላውን በረበሩ፣ ባዶ ነው። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።" ታቢታ ቀና አለች። "እዚያው ላይ ቀሩ።"

"ምን ነበር የሚፈልጉት?"

"እኔም እሱን ነው የማስበው።"

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሆሳዕና ለሥራ መጥታ ጅማ የተቀመጠች፣ አንዲት ታናሽ እህት አብራት የምትኖር። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል?" አለች። ሱሀይላ ከፈቃዱም አልፎ እስር ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች። በሰው እጅ ሰው ከሞተ፣ ቸልተኝነትም ቢሆን ወህኒ ያስወርዳል። ይህን ግን አልነገረቻትም።

ሆስፒታሉ በር ላይ የሬሳ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ዘመድ ተሰብስቧል። ከአስር ሶላት በፊት ሸቤ መድረስ አለባቸው።

"ሬሳው አይሄድም" አለች ሱሀይላ። "መጀመሪያ ይመረመራል።"

ሀቢቡላህ ጮኸ። "የኔን ወንድም በቢላ ሊከፍቱት? አስተግፊሩላህ! ሰው በወጉ አይቀበርም እንዴ?"

"ገደለችው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ክስ ካለ ምርመራ አለ። ክሱን ካነሱ አሁኑኑ ይሂዱ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይህን ጊዜ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ከመሃል ወጥቶ የሀቢቡላህን ክንድ ያዘ። ሙርሺድ ይባላል፤ የአባቦራ ረዳት ቀማሽ። አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ተለይቶ አያውቅም። ዓይኑ በልቅሶ ብዛት አብጧል።

"ተወው ሀቢቡ። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ የታዘዘችውን ነው የሰጠችው። አላህ ያለው ሆነ። ክሱን አንሳና እንቅበራቸው።"

አሮጊቶቹ መረቁት። ሱሀይላም በሆዷ አመሰገነችው። ለነርሷ የሚያዝን አንድ ሰው እንኳ ተገኘ አለች።

ሀቢቡላህ ግን "ለኪ!" አለ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። "የወንድሜ ደም በከንቱ አይቀርም።" ክሱን አላነሳም። መኪናው ሞተሩን አጠፋ።

ውጤቱ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ወሬ የማያበዛ ሰው ነው።

"ልባቸው ተጎድቷል። የገደላቸው ግን ልባቸው አይደለም።"

"መርዝ ነው?"

"እስካሁን ያየሁት ነገር የለም። ሳንባቸው አየር እንደያዘ ቀርቷል። መተንፈሻ ቱቦዎቹ በወፍራም አክታ ተደፍነዋል፤ ግድግዳቸውም ወፍሯል። ይህ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ የብዙ ዓመት አስም ነው። ታፍነው ነው የሞቱት።"

ሱሀይላ የሕመምተኛውን ካርድ ገለጠች። በዶክተሩ ችኩል ጽሑፍ አንድ መስመር አለ። "አስም፦ የለም።"

ዶክተር ዳጊ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ጣቶቹን ይቆጥራል። ከባህር ዳር ተቀጥሮ ጅማ ከመጣ አምስት ወሩ ነው።

"መድኃኒቱ ምን ይሠራል?" አለችው።

"የልብን ጥድፊያ ያረግባል። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ነው። የተጎዳ ልብ እንደ ደከመ በቅሎ ነው፤ ካስሮጡት ይወድቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ እንጀምራለን።"

"ለሁሉም?"

"አይደለም። ቶሎ መስጠቱ የሚገድለው ሰው አለ። አራት ጥያቄ አለን። የደም ግፊቱ ወርዷል ወይ? የልብ ምቱ ዘግይቷል ወይ? ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ወይ? አስም አለበት ወይ?" ጣቶቹን አጠፈ። "ሦስቱን በመሣሪያ አየሁ። አራተኛውን ጠየቅኩ።"

"ሳንባቸውን ስታዳምጥ አስሙ አይሰማም?"

"ሳይነሳ ሲቀር አይሰማም። ጠዋት ንጹሕ ነበር።"

"ሌላ ዓይነት አልነበረም?"

"ለሳንባ የሚራራው ዓይነት ከከተማው ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነ። ያለው ፕሮፕራኖሎል ነው። እሱ አስም ካገኘ አይምርም። ለዚህ ነው አጥብቄ የጠየቅኩት።"

"ማንን?"

"ራሳቸውን። በወንድማቸው በኩል።"

ሱሀይላ ብዕሯን አስቀመጠች።

"አባቦራ የገበያ አማርኛ ያውቃሉ" አለ ዳጊ። "ግን ማስታገሻ ወስደው ፈዘዋል። የታመመ ሰው ደግሞ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። እኔ ኦሮምኛ አልችልም። ወንድማቸውን 'አስም ካለባቸው ይህ መድኃኒት ትንፋሻቸውን ይዘጋል፤ አጣርተህ ጠይቅልኝ' አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው። 'ለኪ' አሉ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ።"

ታማሚው ራሱ የለብኝም ካለ የማን ጥፋት ነው? ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን የኮቱ ኪስ አለ።

ሀቢቡላህ ተጠራ። ከሟች ጋር በጾሙ መጨረሻ ተጣልተው እንደነበር ሸቤ ያወቀው፣ ሰኮሩ የሰማው ነው። ሱሀይላ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

"ዶክተሩ አስም አለባቸው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ያስተረጎሙት እርስዎ ነዎት?"

"ማል? ምን ማለትሽ ነው? እኔ የደረስኩት ከሞተ በኋላ ነው!"

"ወንድማቸው ነው ያስተረጎመው ተብሏል።"

"የምን አስም ነው? ወንድሜ አስም የለበትም። አስም ያለበት ሰው እንዴት ቡና ያሸታል?" ጠረጴዛውን መታ። "ሸቤ ሄደሽ ጠይቂ። የሱ አፍንጫ ከአምስት ክንድ ላይ የሻገተ ፍሬ ይለያል!"

ዳጊን አስገባችው። ዳጊ ሀቢቡላህን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይህ አይደለም። ወንድሙ ነኝ ያለኝ ሌላ ነው። ቀጠን ያለ፣ ሲያለቅስ የነበረ።"

ጅማ ላይ ወንድም ለመባል ከአንድ ማሕፀን መውጣት ግዴታ አይደለም። አብሮ የበላ ወንድም ነው፤ አብሮ የሠራ ወንድም ነው። ሱሀይላ ይህን እያወቀች ሀቢቡላህ ላይ ጊዜ አባከነች። በራሷ ተናደደች።

ቀጠን ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያሻም። ሙርሺድ ነው። ግን ምን አደረገ? ጠየቀ፣ መልስ አመጣ። ይህ ወንጀል አይደለም።

ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ከአባቦራ አልጋ ቀጥሎ ሆሴዕ የሚባሉ አናጢ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ተስፋነሽ በወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያስታምማሉ። ከደቡብ መጥተው ጅማ ሠላሳ ዓመት አትክልት ሸጠዋል። ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያውቁታል።

"እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ሲመጣ እዚህ ነበሩ?"

"የት እሄዳለሁ ብለሽ።"

"ሙርሺድ ታማሚውን ምን ብሎ ጠየቃቸው?"

ተስፋነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አሻሹ። ባለቤታቸውን አዩ። በሩን አዩ።

"ብርድ ብርድ አለዎት ወይ ነው ያላቸው።"

"አስም አለብዎት ወይ አላለም?"

"ስለ አስም ምንም አላነሳ። ብርድ ብርድ አለዎት ወይ አላቸው፣ ለኪ አሉት። ዞሮ ለዶክተሩ 'የለብኝም ይላሉ' አለው።"

"ይህን ሰምተው ዝም አሉ?"

"ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ ልጄ!" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። "የሰው ገመና መሰለኝ። እዚህ አገር አስም ያለበት ስንቱ ደብቆ ተዳረ፣ ስንቱ ደብቆ ተቀጠረ። ጌታ ይየው፣ ለመሸፈን መሰለኝ እንጂ ለመግደልስ አልመሰለኝም።"

ሱሀይላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አሰበች። ሴትየዋ እውነታቸውን ነው። ሸፍኖ ከሆነስ? ሞኝ ታማኝ ሰው የጌታውን ገመና ሊሸፍን ሲል ገደለው ቢባል፣ ዳኛው ያዝናል እንጂ አይፈርድም። ታቢታም ከጥርጣሬ አትወጣም።

አመሻሹ ላይ ሬሳው ተለቆ ሸቤ ተቀበረ። ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች ግን ጅሬን፣ የአባቦራ ባለቤት ለጢፋ ያረፈችበት የዘመድ ቤት ተሰብስበዋል። ሱሀይላ ሰኞ ማለዳ ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ለጢፋን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

"አዴ ለጢፋ፣ አባቦራ አስም ነበረባቸው።"

"አልነበረበትም።"

"ሳንባቸው ተናገረ።"

"እንግዲህ ሳንባውን ጠይቂው።"

"ኮታቸው ኪስ ውስጥ ምን ነበር?"

ለጢፋ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ይህች ሴት ለሟች ባሏ የቀራት ነገር አንድ ነው፤ ምስጢሩን መጠበቅ። ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙ ሸቤ ገበያ ላይ እንዲወድቅ አትፈልግም። ነርሷ ለምን እንደታሰረች በቅጡ የነገራትም የለም።

"ጣቢያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመቷ የሆነ ልጅ አለች" አለች ሱሀይላ። "እንክብል ሰጥተሽ ገደልሽ ተብላ። እርስዎ ዝም ካሉ እሷ ትታሰራለች።"

ለጢፋ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ከሻርፑ ሥር ተናገረች።

"አስሙ ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የመፈልፈያው የገለፈት አቧራ ነው ያመጣበት። ትንፋሹ ሲቆረጥ የሚነፋ መድኃኒት አለው፣ ፓፍ የሚሉት። ጅማ ያለው መድኃኒት ቤት ሁሉ ማንነቱን ያውቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ሰኮሩ ያስገዛ ነበር።"

"በማን?"

"በሙርሺድ። ከኔና ከሙርሺድ በቀር ሰው አያውቅም።"

"መጨረሻ ሲነፉ መቼ አዩ?"

"እሁድ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሁለቴ ነፋ። መልሶ ኮቱ ኪስ ከተተው። ኮቱን እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ከዚያ አጥሚት ላፈላ ወደዚህ መጣሁ።"

"አጠገባቸው ማን ቀረ?"

ለጢፋ ሻርፑን ገለጠች። መልሱን ከመናገሯ በፊት ገባት። "ያ አላህ" አለች።

ሙርሺድ በራሱ እግር መጣ፤ ካቴና አላስፈለገም። ከትከሻው የማትወርደውን የናሙና ቡና ከረጢት ይዟል። ሱሀይላ ወንበር ሰጠችው።

"አስተርጉም ስትባል ምን ብለህ ጠየቅካቸው?"

"አስም አለብዎት ወይ ብዬ።"

"ብርድ ብርድ አለዎት ወይ አላልክም?"

 ሙርሺድ ራሱን ዝቅ አደረገ። "ገመናቸውን ሸፈንኩ። ለአሥራ አንድ ዓመት የሸፈንኩትን በአንድ ጠዋት እንዴት ላውጣው? ጥፋቴ ያ ነው። ያ ብቻ ነው።"

"ዶክተሩ ትንፋሻቸው ይዘጋል አላለህም?"

"ፓፉ አለ፣ ይነፋሉ ብዬ ነው።"

"ኪሳቸው ግን ባዶ ነበር።"

ዓይኑን ወደ በሩ ጣለ። "ቅዳሜ ከሸቤ ስንነሳ ወሰድኩት። ነርሶቹ አይተው እንዳያወሩ።"

"ቅዳሜ?"

"ወላሂ ቅዳሜ።"

"እሁድ ጎህ ሲቀድ ለጢፋ ሲነፉ አይታቸዋለች።"

ሙርሺድ ከንፈሩን ላሰ።

"በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ነገርከኝ" አለች ሱሀይላ። "ፓፉ አለ ብለህ ዝም እንዳልክ፤ ፓፉን ደግሞ አንተ እንደወሰድክ። የትኛውን ልጻፍ?"

ሙርሺድ የከረጢቱን ማንገቻ ጨበጠ።

"ከረጢቱን አስቀምጥ።"

አንድ ፖሊስ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ጥሬ ቡና ተበተነ፤ የወረዳ ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ወጡ፤ አንድ የመቅመሻ ማንኪያ ወጣች። በመጨረሻ ሰማያዊ ፓፍ እየተንከባለለ መጥቶ ሱሀይላ ክንድ ሥር ቆመ።

መንገድ ላይ ሊጥለው፣ ጉድጓድ ሊከተው ይችል ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ዕቃ ሲጠብቅ የኖረ እጅ ነው። መጣል አልለመደም።

"የሚሸፍን ሰው አፉን ይዘጋል እንጂ መድኃኒት አይወስድም" አለች። "ዶክተሩ ካስጠነቀቀህ በኋላ ነው ከኪሳቸው ያወጣኸው። ለምን?"

ሙርሺድ ማንኪያዋን አነሳ። ማንም አልከለከለውም።

"አስም ያለበት ሰው እንዴት ያሸታል ብለሽ አልጠየቅሽም?"

"ሀቢቡላህ ጠይቆኛል።"

"አያሸትም። አፍንጫቸው ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ቡናውን ማግ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሰዉ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ከጎናቸው ቀምሼ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አደርጋለሁ። አንድ ጣት ጥሩ ነው፣ ሁለት ጣት ሻጋታ አለው፣ ሦስት ጣት አፈር አፈር ይላል። እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ጣቴን አይተው ይናገራሉ። 'አባቦራ ተናገሩ' ይባላል። ምላሳቸው እኔ ነበርኩ።"

"ይህን ፈልገህ ነው የገባህበት።"

"ፈልጌ ነው። በስተርጅና የቀማሽነት ወንበሩን ላንተ እለቃለሁ ብለውኛል። በቁርዓን ነው ቃል የገቡልኝ። አርብ ማታ ጠሩኝ። ወንበሩ ለሀቢቡላህ ነው፤ ታርቀናል፤ ስም ከቤት አይወጣም አሉኝ። ሀቢቡላህ ቡናና ገብስ አይለይም አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ?" ድምፁን አላነሳም። "'አንተ አለህ አይደል? ለኔ እንዳደረግከው ከጎኑ ቆመህ ጣትህን ታሳየዋለህ' አሉኝ።"

ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቅዳሜ ሲወድቁ በጀርባዬ ተሸክሜ መኪና ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። እንዲሞቱ አልፈለግኩም ነበር። ዱዓ አድርጌያለሁ። እሁድ ጠዋት ግን ዶክተሩ ትንፋሻቸውን ይዘጋል ሲል… አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ሰው የኔን ቃል ጠይቆ አያውቅም። ያን ቀን ተጠየቅኩ።"

"ክሱ ይነሳ ብለህ ያለቀስከውስ? ለልጅቷ አዝነህ ነው?"

"አዝኛለሁ" አለ ሙርሺድ። ትንሽ አሰበና እውነቱን ጨመረ። "ሬሳው እንዳይከፈትም ነው።"

ሱሀይላ ጻፈች። አስፈረመችው። ፊርማው ቀጥ ያለ ነበር፤ ለቀማሽ የተረጋጋ እጅ ያስፈልጋል።

አምስት ሰዓት ላይ ታቢታ ያለችበትን ክፍል ራሷ ሄዳ ከፈተችው። ስልኳን፣ የፀጉር ማስያዣዋንና የሆስፒታሉን መታወቂያ በእጇ ይዛለች። ሥራዋን ጨርሳ ደስ ብሏት ነበር። እንደዚህ ዓይነት በር መክፈት በዓመት አንዴ ነው የሚገጥማት።

"ጨርሰናል። ነፃ ነሽ። በሐሰት የተረጎመው ሰው አመነ። ላንቺም ለዶክተሩም ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ፈቃድሽን የሚነካ የለም።"

ታቢታ አልተነሳችም።

"በኪሳቸው ምን ነበር የሚፈልጉት?"

"ፓፍ። አስም ነበረባቸው። ሰውየው ከኪሳቸው ወስዶት ነው።"

"አስም" አለች ታቢታ። ዓይኗ የሆነ ቦታ ሄደ፤ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ ግድግዳውን እያየች ነው። "ሳልቡታሞል አለን እኮ። የአስሙ መድኃኒት። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። ከአልጋቸው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።"

"አልነገሩሽም። በምን ታውቂያለሽ?"

"ደረታቸው ሲር ሲር ሲል ሰምቻለሁ።"

 ከትናንት ጀምሮ ያላለቀሰችው ልጅ አሁን ፊቷን በጋውኗ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሱሀይላ በሩን እንደተከፈተ ትታ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ብዙ ቆየች።